ለቴክኒክ ሰነድ የትኛው ማውጫ ይሻላል?

ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ አልተነሳም እንበል። የጥገና ባለሙያው 120 ገጽ ያለውን የሕንፃውን መመሪያ ከመደርደሪያ ያወርዳል። የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው። ማውጫው «ምዕራፍ 4፦ የጄኔሬተሩ አጠቃላይ ገለጻ» ብሎ ከሥሩ ምንም ካልዘረዘረ፣ ባለሙያው ሁለት ሦስት ገጽ ገልጦ ይዘጋውና አቅራቢው ጋ ይደውላል። መልሱ እኮ ገጽ 61 ላይ ተጽፎ ነበር።

ማውጫ ብዙ ጊዜ ሰነዱ ወደ ኅትመት ሊሄድ ሲል በአንድ ጠቅታ የሚገባ ነገር ነው። ያቺ ጠቅታ ግን ማንንም ሳታማክር ሦስት ነገር ትወስናለች፤ ርዕሶቹ በምን ተራ ይሰለፉ፣ እስከ ስንተኛ እርከን ይግቡ፣ በምን ቁጥር ይጠሩ። ሦስቱም እንደየሰነዱ የሚለያዩ ናቸው። ለጨረታ ሰነድ ጥሩ የሆነው ለጥገና መመሪያ ይከፋል። መለኪያው ሰነዱን የሚከፍተው ሰው ምን ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ ነው፤ ጸሐፊው ሥራውን በምን ተራ እንደሠራው ለአንባቢው ጉዳዩ አይደለም።

በአካል፣ በሥራ ወይስ በብልሽት?

በአካል መደርደር ማለት ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ሊፍት፣ የእሳት ማጥፊያ እያሉ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ መስጠት ነው። በሥራ መደርደር ማለት ተከላ፣ ማስነሳት፣ ዕለታዊ ፍተሻ፣ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር እያሉ መሄድ ነው። በብልሽት ሲሆን «አይነሳም»፣ «ተነስቶ ይጠፋል»፣ «ጥቁር ጭስ ያወጣል» ከሚሉት ምልክቶች ይነሳል።

በአካል የተደረደረ ሰነድ ባለሙያዎች በሙያ ለተከፋፈሉበት ቦታ ይስማማል። ኤሌክትሪሻኑ የራሱን ምዕራፍ፣ የቧንቧ ሠራተኛው የራሱን ይከፍታል፤ አንድ መሣሪያ ሲቀየርም የሚነካው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው። ድካሙ የሚታየው ጠዋት ጠዋት ሕንፃውን የሚዞረው ሠራተኛ ላይ ነው። ለእሱ ሥራው አንድ ነው፣ ዕለታዊ ፍተሻ። ሰነዱ ግን ያንን ሥራ በሰባት ምዕራፍ በትኖበታል። በሥራ የተደረደረው ይህን ያቃልላል፤ በዋጋው ግን መሣሪያዎቹን ያደባልቃል። የፓምፑን ማኅተም ለመቀየር የመጣ ሰው የሊፍቱን ገመድ ውጥረት እያለፈ ይሄዳል። መሣሪያው አንድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለአንድ የኅትመት ማሽን ወይም ለአንድ ጄኔሬተር ብቻ የተጻፈ መመሪያ ከሆነ፣ በሥራ መደርደሩን ያለ ማመንታት ይምረጡ። መሣሪያው ከሦስት በላይ ከሆነ አይመከርም።

ሁለቱን አጣምሮ የያዘው የታወቀ አሠራር የአውሮፕላን ጥገና መመሪያዎች ላይ ያለው ነው፤ ቦሌ ሃንጋር ውስጥ ለሚሠራ መካኒክ አዲስ ነገር አይደለም። ምዕራፉ በአካል ነው፦ 24 የኤሌክትሪክ ኃይል፣ 32 የማረፊያ ጎማ ሥርዓት፣ 71 የሞተሩ አጠቃላይ ክፍል። ከምዕራፉ ውስጥ ደግሞ የገጽ ቁጥሩ ራሱ ሥራውን ይናገራል፦ ከ101 ጀምሮ ብልሽት ፍለጋ፣ ከ401 ጀምሮ መፍታትና መግጠም፣ ከ501 ጀምሮ ማስተካከልና መሞከር። ማረፊያ ጎማውን ሊፈታ የመጣ ሰው 32ን ከዚያም 401ን ያስባል። ማውጫውን ሳያነብ እንኳ አካባቢው ላይ ይደርሳል።

ለአንድ ሕንፃ መመሪያ ይህን ያህል ጥብቅ ኮድ አያስፈልግም፤ ሐሳቡ ግን ይሠራል። ውጪው በአካል ይሁን፤ ውስጡ በሁሉም ምዕራፍ አንድ ዓይነት የሥራ ተራ ይያዝ። ነጥብ አንድ ጥንቃቄ፣ ነጥብ ሁለት ማስነሳትና ማጥፋት፣ ነጥብ ሦስት ዕለታዊ ፍተሻ፣ ነጥብ አራት ወቅታዊ ሰርቪስ፣ ነጥብ አምስት ብልሽት፣ ነጥብ ስድስት መለዋወጫ። እንዲህ ከሆነ 3.5፣ 4.5፣ 5.5 ሁልጊዜ ብልሽት ናቸው፤ ዕለታዊ ፍተሻ የሚያደርገውም ሰው የሚከፍተው ነጥብ ሦስትን ብቻ ነው። ይህ አሠራር የሚፈርሰው በአንድ ምክንያት ነው። ለአንዱ መሣሪያ ወቅታዊ ሰርቪስ የሚባል ነገር ሳይኖረው ይቀርና ጸሐፊው የሚቀጥለውን ርዕስ ወደ ላይ ይስባል። ያኔ 6.4 ብልሽት ይሆናል፣ ሥርዓቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ባዶ ቢሆንም ቁጥሩን ይተዉለት፤ ከሥሩ «ለዚህ መሣሪያ አይመለከትም» ተብሎ በአንድ መስመር ቢጻፍ ይበቃል።

በብልሽት የተደረደረ ሙሉ ሰነድ መጻፍ አያዋጣም፤ አንድ ገጽ የብልሽት ማውጫ ግን ከዋናው ማውጫ ቀጥሎ ቢገባ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚገለጠው እሱ ይሆናል። ከ15 እስከ 25 መስመር ይበቃዋል። መስመሩ በባለሙያው አነጋገር ይጻፍ፦ «ፓምፑ ይዞራል፣ ውሃ ወደ ሮቶው አይወጣም፣ 5.5.2፣ ገጽ 78»፤ «መብራት ሲመጣ ቼንጅ ኦቨሩ አይመልስም፣ 4.5.4፣ ገጽ 64»። «የፍሰት መስተጓጎል» ብሎ መጻፍ ለሪፖርት ያምራል፤ ውሃ የጠፋበት ሰው ግን ያንን ቃል አይፈልግም።

የጨረታ ቴክኒካል ፕሮፖዛል ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። አንባቢው የግምገማ ቅጽ የያዘ ኮሚቴ ስለሆነ ማውጫው የሚከተለው የጨረታ ሰነዱን ተራና የጨረታ ሰነዱን ቃል ነው። መስፈርቱ «የሥራ አፈጻጸም ስልት» ካለ እርስዎም እንደዚያው ይበሉት፤ የተሻለ ቃል ቢያውቁም ይቆይልዎ። ከማውጫው ቀጥሎ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይጨመር፤ የመስፈርቱ ቁጥር፣ መስፈርቱ፣ መልሱ ያለበት ገጽ። ገምጋሚው ያላገኘውን መልስ እንዳልተመለሰ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ነጥቡም የሚቀረው በዚሁ ነው።

ስንት እርከን?

ማይክሮሶፍት ወርድ ሳይነኩት ሦስት እርከን ያወጣል፤ ብዙ ሰነዶችም ባለ ሦስት እርከን የሆኑት ማንም መርጦ ሳይሆን ማንም ስላልነካው ነው። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይሻላል። 9 ምዕራፍ፣ 45 ንዑስ ርዕስና 150 የሦስተኛ እርከን ርዕስ ያለው ሰነድ እንውሰድ። ኤፎር ወረቀት ላይ ከላይና ከታች 2.5 ሳንቲሜትር ሲተው ለጽሑፍ 24.7 ሳንቲሜትር ቁመት ይቀራል። የመስመር ርቀቱ 18 ነጥብ (ፖይንት) ከሆነ አንድ ገጽ 38 መስመር ይይዛል። ሦስቱም እርከን ሲገቡ 204 መስመር ይሆናል፤ ከአምስት ገጽ በላይ ማለት ነው። ሁለቱ ብቻ ሲገቡ 54 መስመር፣ ገጽ ተኩል አይሞላም።

ባለ ገጽ ተኩሉን በዓይን ጠርጎ ማየት ይቻላል። ባለ አምስት ገጹን ግን ማንበብ ይጠይቃል፤ ማውጫ ደግሞ እንዲነበብ አይሠራም። ሰነዱ ወረቀቱ ፊትና ጀርባ የሚታተም ከሆነ ባለ ሁለት ገጹን ማውጫ ከግራ ገጽ ያስጀምሩት፤ ተገልጦ ሲቀመጥ ሁለቱም ገጾች አንድ ላይ ይታያሉ።

ሦስተኛው እርከን ይጣል ማለታችን አይደለም። ቦታው የየምዕራፉ መግቢያ ነው፤ ምዕራፍ 4 ሲጀምር ከ10 እስከ 20 መስመር ያላት የምዕራፉ ብቻ ማውጫ። ወርድ ላይ ይህ የሚሠራው ምዕራፉን ሙሉ መርጦ ቡክማርክ (ለተመረጠው ክፍል የሚሰጥ ስም) በመስጠት፣ ከዚያም ለማውጫው በፊልድ ኮዱ፣ ማለትም ማውጫውን በሚያወጣው የተደበቀ ትእዛዝ ውስጥ ያንን ቡክማርክ ብቻ እንዲያይ በማዘዝ ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ ሰው በምዕራፉ መጨረሻ አዲስ ንዑስ ርዕስ ሲጨምር ጽሑፉ ከቡክማርኩ ውጪ ሊያርፍ ይችላል፤ ርዕሱም በዋናው ማውጫ ላይ እየታየ በምዕራፉ ማውጫ ላይ አይታይም። መፍትሔው በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ባዶ አንቀጽ ትቶ ቡክማርኩን እስከዚያ መዘርጋት፣ የሚጨመረውንም ከዚያ አንቀጽ በላይ መጻፍ ነው።

ላቴክ የተባለውን የሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚጠቀሙ፣ በተለይ አምስት ኪሎና አራት ኪሎ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ፣ እዚህ ላይ የሚስቱት ቁጥር አለ። የማውጫውን ጥልቀት የሚወስነውና የርዕስ ቁጥር እስከየት እንደሚሰጥ የሚወስነው ሁለት የተለያዩ መቁጠሪያዎች ናቸው። በሪፖርትና በመጽሐፍ ዓይነት ሰነድ ምዕራፍ የሚቆጠረው ከዜሮ ነው፤ ስለዚህ ምዕራፍና ንዑስ ርዕስ ብቻ እንዲወጣ የሚፈልግ ሰው ጥልቀቱን 1 ይላል፣ 2 አይልም። በተጨማሪ ላቴክ ማውጫውን የሚያወጣው ካለፈው ዙር በጻፈው ፋይል ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሮጥ አለበት። ማውጫው ረዝሞ ገጾቹን ከገፋ ሦስተኛ ያስፈልጋል። ለግዕዝ ፊደል ዚላቴክ ወይም ሉዋላቴክ የተባሉት የላቴክ ዓይነቶች ይሻላሉ፤ የኮምፒውተሩን የዩኒኮድ (የዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ፊደሎች በቀጥታ ያነባሉ።

ሦስቱም እርከን በዋናው ማውጫ ላይ ሊገቡ የሚገባቸው ሰነዶች አሉ፤ ውሎችና የሥራ ዝርዝሮች። እዚያ ሰዎች ጉዳዩን የሚጠሩት በንዑስ አንቀጹ ቁጥር ነው። «የ13.1 ደብዳቤ» ሲባል የማውጫው ሥራ 13.1ን ማሳየት ነው፣ ርዝመቱ ስንትም ይሁን። ከ15 ገጽ በታች ለሆነ ሰነድ ደግሞ አንድ እርከን ይበቃል፤ ከስድስት ገጽ ካነሰ ማውጫው ራሱ ትርፍ ነው።

በምን ቁጥር?

ለርዕሶች ተራ ቁጥር በነጥብ የተለየ፣ ማለትም 4፣ 4.5፣ 4.5.2 የሚለውን ይምረጡ። ኢሶ 2145 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1978 ደረጃም ለጽሑፍ ክፍሎች የሚያስቀምጠው ይህንኑ ነው። የግዕዝ አኃዝ ለሽፋን፣ ለዓመተ ምሕረት፣ ለሃይማኖታዊና ለሥነ ጽሑፍ ሥራ ያምራል። ባለ ሦስት እርከን የቴክኒክ ሰነድ ላይ ግን በሁለት ምክንያት ያስቸግራል። ፲፪.፫.፲፩ የሚለውን በስልክ ላለ ሰው ቶሎ ማንበብ ለብዙ ወጣት ባለሙያ ይከብዳል። የወርድ ራስ-ሰር ቁጥር አሰጣጥም የግዕዝ አኃዝ ስለሌለው ሁሉም በእጅ ይጻፋል፤ መሐል ላይ አንድ ርዕስ ሲገባ የቀሩት ሁሉ በእጅ ይታረማሉ፣ ደግሞም አንዱ ይረሳል። ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ሁለተኛው ችግር የለም፤ የድረ ገጽን መልክ የሚያዘው ቋንቋ፣ የሲኤስኤስ፣ ቁጥር አሰጣጥ የግዕዝ አኃዝን ያውቃል።

አባሪዎችን በፊደል መጥራት የተለመደ ነው፤ አባሪ ሀ፣ አባሪ ለ፣ አባሪ ሐ። ይህን እንዲተዉት እንመክራለን። በወረቀት ላይ ሀ እና ሐ ይለያያሉ፤ በአፍ ግን አንድ ናቸው። አምስተኛው ሠ እና ሰባተኛው ሰም እንደዚያው። ሳይት ላይ ያለ ሰው ቢሮ ደውሎ «አባሪ ሀን ላኩልኝ» ሲል «ሃሌታው ነው ሐመሩ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ካልተከተለ ደግሞ የተሳሳተው ሥዕል ይላካል። አባሪ 1፣ አባሪ 2 ማለቱ አያሳስትም፤ ወርድም ይቆጥረዋል።

ሌላው ጥያቄ ሰነዱ ሲከለስ ቁጥሮቹ ይቀየሩ ወይስ ይጽኑ የሚለው ነው። በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ከዓለም አቀፉ የግንባታ ውል ናሙና) ያውቁታል። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ እትም 20 አንቀጽ ነበረው፤ የ2017ቱ 21 ሆነ። የተቋራጭ ክሌም (ተቋራጩ የሚያቀርበው የተጨማሪ ክፍያ ወይም ጊዜ ጥያቄ) ሲባል ሁሉም 20.1ን ነበር የሚያስበው። በአዲሱ እትም የገንዘብና የጊዜ ክሌም ወደ 20.2 ሄደ፣ ክርክርና ግልግል 21ን ያዘ። ቫሪየሽን (የሥራ ለውጥ) ግን 13 ላይ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቢሮ ውስጥ «20.1» ሲባል የየትኛው እትም እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ማስተርፎርማት የሚባለው የግንባታ ዝርዝር አከፋፈልም እ.ኤ.አ. በ2004 ከ16 ክፍል ወደ 50 ሲሰፋ ኮንክሪትን 03 ላይ ተወው፤ ኤሌክትሪክን ግን ከ16 ወደ 26 ወሰደው። በአዲሱ አከፋፈል ውስጥ ለወደፊት ባዶ የተተዉ ክፍሎችም አሉ፤ ከዚህ የሚወሰደው ይህ ነው። በየዓመቱ የሚከለስ ሰነድ ከሆነ ምዕራፎቹን ከ1 እስከ 9 አጥብቆ ከመሙላት ለመጪው መሣሪያ ሁለት ቁጥር ትቶ ማለፍ ይሻላል። የተሰረዘ ርዕስ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥ።

የገጽ ቁጥር ላይ ምርጫው ከአጠራረዙ ጋር ይሄዳል። በስፓይራል ለሚጠረዝ ሰነድ ከ1 እስከ መጨረሻው ተከታታይ ቁጥር ይበቃል። ቦክስ ፋይል ውስጥ ለሚቀመጥና ምዕራፍ እየወጣ ለሚተካ ሰነድ ግን 4-1፣ 4-2 የሚለው የምዕራፍ ቁጥር ይሻላል፤ ምዕራፍ 4 አምስት ገጽ ቢጨምር ምዕራፍ 5 አይነካም። ወርድ ይህን የሚያወጣው የምዕራፉ ርዕስ በሄዲንግ 1 ስታይል (ወርድ ለዋና ርዕስ ባዘጋጀው የአጻጻፍ ዓይነት) ተጽፎ ቁጥሩም በራስ-ሰር የተሰጠ ከሆነ ብቻ ነው። በእጅ የተጻፈ «4» ከሆነ እምቢ ይላል።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ማውጫውና ሌሎቹ የመግቢያ ገጾች ለብቻቸው ይቆጠሩ፤ በሮማዊ አኃዝ ወይም በሌላ። ከመግቢያው መጨረሻ ሴክሽን ብሬክ (የክፍል መለያ) ገብቶ ዋናው ጽሑፍ ከ1 ይጀምር። ይህ ካልሆነ ማውጫው ከአንድ ገጽ ወደ ሁለት ባደገ ቁጥር ከሥሩ ያለው ሁሉ በአንድ ይገፋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያደሱት ማውጫም ከላይ እስከ ታች በአንድ ገጽ የሳተ ይሆናል።

የግራው ጠርዝ

የቀረው ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ማውጫን የማይጠቅም የሚያደርገው የርዕሶቹ አጻጻፍ ነው። ፈላጊ ሰው ማውጫን ከግራ ወደ ቀኝ አያነብም፤ ዓይኑ የግራውን ጠርዝ ይዞ ይወርዳል። እዚያ ጠርዝ ላይ ምን እንዳለ ይመልከቱ፦

የጄኔሬተሩ አጠቃላይ ገለጻ
የጄኔሬተሩ አነሳስና አጠፋፍ ሥርዓት
የጄኔሬተሩ ዕለታዊ ፍተሻ አካሄድ
የጄኔሬተሩን ዘይት እንዴት መቀየር እንደሚቻል
የጄኔሬተሩ ብልሽት አፈላለግ

አምስቱም በአንድ ቃል ይጀምራሉ። በአማርኛ ባለቤቱ በ«የ» ታስሮ ፊት ይመጣል፣ ግሱ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ መለያው ቃል ዓይን በማይደርስበት መሐል ወይም ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «እንዴት... እንደሚቻል» የሚለው ጅራት ደግሞ የመስመሩን ግማሽ ያለ ሥራ ይበላል። የጋራውን ቃል ወደ ምዕራፉ ርዕስ ያውጡት፦

4 ጄኔሬተር
4.1 ጥንቃቄ
4.2 ማስነሳትና ማጥፋት
4.3 ዕለታዊ ፍተሻ
4.4 ወቅታዊ ሰርቪስ
4.5 ብልሽት

በወረቀት ላይ ይህ ከሁሉ ይሻላል። ስልክ ላይ ግን ጉድለት አለው። በፒዲኤፉ ውስጥ በሰርች የሚፈልግ ሰው «ብልሽት» የሚል ሰባት ውጤት ይመጣለታል፤ የየትኛው መሣሪያ እንደሆነ አያሳየውም። በስልክ የሚነበብ ሰነድ ከሆነ መለያውን ፊት አድርጎ መሣሪያውን ማስከተል ይሻላል፦ «ብልሽት፦ ጄኔሬተር»፣ «ብልሽት፦ ፓምፕ»። ለሁለቱም የሚሆን ሰነድ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ። ርዕሱ በማንኛውም ሁኔታ ከ45 ፊደል እንዳይበልጥ፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ወደ ሁለተኛ መስመር ይሰበራል። ለሚሰበረውም ቢሆን የማውጫው ስታይል ከቀኝ 1.5 ሳንቲሜትር ገባ እንዲል ይደረግ፤ አለበለዚያ ጽሑፉ የገጽ ቁጥሩ ዓምድ ውስጥ ይገባል።

«ለመፈለግ እኮ ሰርች አለ፣ ማውጫው ምን ያደርጋል?» የሚል ክርክር ይነሳል። በአማርኛ ሰነድ ላይ ይህ ብዙም አያስተማምንም። አንዱ ጸሐፊ «ኃይል» ይላል፣ ሌላው «ሀይል»፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»። ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በሦስት ሰው የተጻፈ ሰነድ ውስጥ ሰርች «የለም» ያለው ነገር ሊኖር ይችላል። ከማውጫው በፊት ቢያንስ በርዕሶቹ ላይ አንድ የፊደል አጻጻፍ ተስማምቶ መያዝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ስካን

ለወረቀት ከርዕሱ እስከ ገጽ ቁጥሩ የሚሄደው ነጠብጣብ ይጠቅማል። በእጅ ነጥብ እየደጋገሙ ግን አይጻፍ፤ ፊደሉ ሲቀየር የቁጥሮቹ ዓምድ ይዛነፋል። የቀኝ ታብ በ16 ሳንቲሜትር ላይ አስቀምጦ ነጠብጣቡን ከታቡ ምርጫ ማዘዝ ነው። ርዕሶቹ አጫጭር ከሆኑ ታቡን ወደ 12 ሳንቲሜትር መሳብ ከነጠብጣብ ይበልጣል፤ ዓይን የሚሻገረው ክፍተት ያንሳል።

ሰነዱ በቴሌግራም የሚሰራጭ ከሆነ የገጽ ቁጥሩ ዋጋ ይቀንሳል፤ የሚጠቅመው ሊንኩና በጎን የሚከፈተው የቡክማርክ ዝርዝር ነው። ሁለቱም የሚገኙት ከወርድ በ«ሴቭ አዝ» ፒዲኤፍ ሲወጣ፣ በኦፕሽኑ ውስጥም ከሄዲንግ ቡክማርክ ፍጠር የሚለው ሲመረጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው «ፕሪንት» ብሎ ፒዲኤፍ ማውጣት ነው፤ ያ መንገድ ገጹን እንደ ወረቀት ስለሚቆጥረው ሊንኩንም ቡክማርኩንም ያጠፋል። ፋይሉን ሲያዩት ልዩነት የለውም፤ ሲነኩት ነው የሚታወቀው።

በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ በቀድሞው መንገድ የተጻፈ ሰነድ ካለ ከማውጫው በፊት ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። በእነዚህ ፊደሎች ሰነዱ ውስጥ አማርኛ የሚመስለው ጽሑፍ ከበስተጀርባው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። የወረቀቱ ማውጫ ደህና ይታያል። የቡክማርኩ ዝርዝር ግን የሚጻፈው በስልኩ የራሱ ፊደል ስለሆነ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይወጣል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ አቢሲኒካ እና ኖቶ ሁሉም ዩኒኮድ ናቸው።

ለውልና ለጨረታ ሰነድ አንድ የኛ አገር ጉዳይ አለ። ሰነዱ ታትሞ፣ በየገጹ ፊርማና ማኅተም አርፎበት፣ ተመልሶ ስካን ይደረጋል። የተሠራው ሊንክ ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል፤ ስካኑ ፎቶ ነው። ምርጫው ሁለት ነው። ተቀባዩ ከፈቀደ ማኅተም ያረፈበትን ስካንና ሊንክ ያለውን ንጹሕ ፒዲኤፍ አንድ ላይ መላክ፤ ካልሆነ በስካኑ ላይ የየምዕራፉን ቡክማርክ በእጅ ማስገባት። ለዘጠኝ ምዕራፍ ዘጠኝ ቡክማርክ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ማደስና ማተም

በእጅ የተጻፈ ማውጫ ለአሥር ገጽ ደብዳቤ ያስኬድ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይምረጡት። ራስ-ሰሩ የሚስትበት ቦታ የታወቀ ነው። ወርድ ኤፍ 9 ሲነካ ሁለት ምርጫ ይሰጣል፤ የገጽ ቁጥር ብቻ ወይስ ሙሉውን ማውጫ። ርዕስ ተሰርዞ ሳለ የገጽ ቁጥሩን ብቻ ያደሰ ሰው በተሰረዘው ርዕስ ቦታ ቡክማርኩ አልተገኘም የሚል የእንግሊዝኛ የስህተት ጽሑፍ በደማቁ ታትሞ ያገኘዋል። ሁልጊዜ ሙሉውን ይምረጡ። በማውጫው ላይ በእጅ የታረመ ፊደል ግን በዚህ ይጠፋል፤ እርማት የሚደረገው በርዕሱ ላይ ነው። ጎግል ዶክስም ራሱ አያድስም፣ የማደሻ ምልክቱን መንካት ያስፈልጋል።

ወደ ኮፒ ቤት የወርድ ፋይል በፍላሽ ይዞ መሄድ ሌላው መሳቻ ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ፊደሉ ከሌለው በሌላ ይተካዋል፣ መስመሮቹ ይሰበራሉ፣ ገጾቹ ይገፋሉ። የኮምፒውተሩ ወርድ ከማተሙ በፊት ማውጫን የመሰሉ ፊልዶችን እንዲያድስ ካልታዘዘ ማውጫው የድሮውን ቁጥር ይዞ ይታተማል። ከታዘዘ ደግሞ እርስዎ ያላዩትን ማውጫ ያወጣል። ፒዲኤፍ ይዞ መሄድ ሁለቱንም ይከላከላል።

ተራው እንዲህ ነው። ርዕሶቹ ሁሉ በሄዲንግ ስታይል መጻፋቸው በናቪጌሽን ፔን (ወርድ በጎን በሚከፍተው የርዕሶች ዝርዝር) ይታያል፤ እዚያ የሌለ ርዕስ ማውጫው ላይም የለም። ባዶ መስመር ተሳስቶ ሄዲንግ ከሆነም እዚያው ይገኛል። ከዚያ ሙሉው ማውጫ ሁለት ጊዜ ይታደሳል፣ ሁለተኛው ማውጫው ራሱ ገጾችን ገፍቶ ከሆነ ነው። ፒዲኤፉ ከመውጣቱ በፊት ሰነዱን ላልጻፈ ሰው ማውጫው ብቻ ተሰጥቶት «ፓምፑ አየር ቢይዝ የት ትከፍታለህ?» ዓይነት አምስት ጥያቄ ይጠየቅ፤ የሳተባቸው ርዕሶች ቃላቸው ይለወጥ። ፒዲኤፉ ከወጣ በኋላ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው አንድ አንድ ርዕስ ተመርጦ ገጹ ላይ መኖሩ ይረጋገጣል። አንዱ እንኳ ከሳተ ማውጫው እንደገና ታድሶ አዲስ ፒዲኤፍ ይወጣል፤ የድሮውም ፋይል ከፍላሹ ይሰረዝ።